የስቴት ላይብረሪዎች አሥር ዓመት ሙሉ ምን ሲያርሙ ቆዩ?

በ2014 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ኤፍ8 የተባለ የፌስቡክ የገንቢዎች ጉባኤ፣ የኩባንያው መሐንዲስ ጂንግ ቼን አንድ እልኸኛ ስህተት ለታዳሚው አስረዳች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ተጠቃሚው ፌስቡክ ሲከፍት ያልተነበበ መልእክት እንዳለው የሚያሳይ ቁጥር ያያል። ሲጫነው አዲስ መልእክት የለም። ቁጥሩ ይጠፋና ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። መሐንዲሶቹ ያርሙታል፣ ለጊዜው ጸጥ ይላል፣ ከዚያ በሌላ በር ይገባል። ጥፋቱ አንድ መስመር ኮድ ላይ አልነበረም። ቁጥሩ፣ የውይይት መስኮቱና የመልእክቶቹ ዝርዝር ስለ አንድ ጉዳይ የየራሳቸውን መረጃ ይዘው ነበር፤ አንዱ ሲቀየር ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያኛው ደግሞ ሦስተኛውን፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ፌስቡክ ያቀረበው መፍትሔ ፍለክስ የተባለ አሠራር ነው፦ መረጃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፍሰስ።

ከዚያ ወዲህ ሪደክስ፣ ሞብኤክስ፣ ዙስታንድ፣ ሪኮይል፣ ጆታይ፣ ፒኒያ መጡ። ሁሉም ይህን ዓይነቱን ስህተት ለማስቀረት የተጻፉ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ የራሳቸውን ስህተት ሲያርሙ ኖረዋል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የላይብረሪዎቹን ችሎታ ዝርዝር ሳይሆን እርማቶቻቸውን ነው። እርማቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሚመለሱት ወደ ሦስት ያረጁ ጥያቄዎች ነው፦ ቅደም ተከተል፣ ጊዜና ማንነት። ሁለተኛ፣ አንድን ላይብረሪ ከሌላው የሚለየው አዲስ ነገር የሚጨምርበት ሳይሆን አሮጌውን የሚያሰናብትበት መንገድ ነው።

ሦስቱ ቤተሰቦች

ስቴት ማለት ፕሮግራሙ በዚህች ቅጽበት የሚያውቀው ነገር ሁሉ ነው፦ የገባው ተጠቃሚ ማን ነው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ስንት ዕቃ አለ፣ የትኛው መስኮት ተከፍቷል። ይህን እውቀት ብዙ የስክሪን ክፍሎች ስለሚፈልጉት የት ይቀመጥ፣ ማን ይቀይረው፣ ሲቀየር ለማን ይነገር የሚለው ማከራከሩ አይቀርም። እስካሁን የተሰጡት መልሶች በሦስት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ ሁሉን በአንድ ስቶር ያስቀምጣል። ሪደክስ የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ነው። ዳን አብራሞቭ ከአንድሩ ክላርክ ጋር ጽፎት በሐምሌ 2015 ፓሪስ ላይ በሪአክት ዩሮፕ ጉባኤ አሳየው። የዚያ ቀን ትዕይንት በጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያለፈበትን እያንዳንዱን ለውጥ እየመለሱ ማየት። ያ እንዲቻል ስቴቱን ማንም በቀጥታ መንካት የለበትም፤ የሆነው ነገር አክሽን ሆኖ ይላካል፣ ሪዱሰር የተባለው ፈንክሽን አዲሱን ስቴት ሠርቶ ይመልሳል። በ2019 የወጣው ዙስታንድ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ሥርዓተ ልማዱን ቀነሰው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የሚታዘብ ነው። ሚሼል ቬስትስትራተ በ2015 የጀመረው ሞብኤክስ የዚህ ወገን ነው፤ ፕሮግራመሩ ዋጋውን በቀጥታ ይቀይራል፣ ላይብረሪው ያንን ዋጋ ማን እንዳነበበው ስለሚያውቅ ለእነሱ ብቻ ይነግራል። ቪው በተባለው የስክሪን ላይብረሪ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ፒኒያም እዚሁ ይመደባል። ሦስተኛው ቤተሰብ ስቴቱን አተም በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይበትነዋል፤ ሪኮይልና ጆታይ የተነሡት በ2020 ነው።

ማን ቀድሞ ይስማ?

ከሦስቱ ጥያቄዎች የቅደም ተከተሉ ታሪክ በሪአክት ሪደክስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሪአክት ሪደክስ የሪደክስን ስቶር፣ ሪአክት በተባለው የፌስቡክ ላይብረሪ ከሚሳለው ስክሪን ጋር የሚያገናኘው ፓኬጅ ነው። ዝርዝር የሚያሳይ ወላጅ ኮምፖነንት፣ ማለትም የስክሪን ክፍል፣ አለ እንበል፤ በውስጡ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያሳዩ ልጆች አሉ። ሁሉም ስቶሩን ያዳምጣሉ። ተጠቃሚው አንድ ዕቃ ሰረዘ። ስቶሩ “ተቀይሬያለሁ” ሲል ልጁ ከወላጁ ቀድሞ ከሰማ፣ ወላጁ ገና ስላላስወገደው፣ የተሰረዘውን ዕቃ ስምና ዋጋ ይጠይቃል። ዕቃው የለም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፕሮግራመሮች ይህን ስህተት ዞምቢ ልጅ ይሉታል፤ መሞት የነበረበት ኮምፖነንት ገና ይጠይቃልና።

5ኛው ስሪት ይህን ለማስተካከል ከሥር እንደገና ተጻፈ። ልጆች ስቶሩን በቀጥታ ከማዳመጥ ይልቅ ወላጃቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ፤ ወላጁ ሰምቶ ራሱን ካደሰ በኋላ ብቻ ተራው ለልጁ ይደርሳል። በታኅሣሥ 2018 የወጣው 6ኛው ስሪት ሌላ መንገድ ሞከረ። በዚያ ዓመት መጋቢት በሪአክት 16.3 የመጣውን አዲስ ኮንቴክስት ተጠቅሞ ስቴቱን በሙሉ ከላይ ወደ ታች አወረደው። በወረቀት ላይ ንጹሕ ሐሳብ ነበር፤ ሁሉም ክፍል አንድ ስቴት በአንድ ጊዜ ያያል። በሥራ ላይ ግን ስቴታቸው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ፕሮግራሞች ቀርፋፋ ሆኑ። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በሚያዝያ 2019፣ 7ኛው ስሪት ወደ ቀጥታ ማዳመጥ ተመለሰ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሰኔ 2019 የወጣው 7.1 ሁክ የተባሉ ፈንክሽኖችን አመጣ። ዩዝሴሌክተር የተባለው ሁክ ለአጻጻፍ እጅግ ይቀላል፤ ነገር ግን ሁክ በወላጅና በልጅ መካከል ገብቶ ተራ ማስያዝ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተፈለገ፦ ለውጥ ሲነገር ሴሌክተሩ፣ ማለትም ከስቴቱ የሚፈለገውን የሚመርጠው ፈንክሽን፣ ስህተት ከጣለ ስህተቱ ዝም ተብሎ ይዋጣል፣ ኮምፖነንቱ እንደገና በሚሳልበት ጊዜም ይሞከራል። እስከዚያ ወላጁ ልጁን ስለሚያስወግደው ብዙውን ጊዜ ችግር አይፈጠርም። “ብዙውን ጊዜ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። የላይብረሪው መመሪያ ራሱ ዞምቢ ልጅ በሁክ ዘመን ሊመለስ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ ሴሌክተር ሲጻፍም ዕቃው ላይኖር ይችላል ብሎ መጠንቀቅ እንደሚገባ ይመክራል። እንግዲህ ስህተቱ አልጠፋም፤ ከላይብረሪው ትከሻ ወርዶ በከፊል በፕሮግራመሩ ትከሻ ላይ ዐረፈ፤ በምትኩ የተገኘው ቀላል አጻጻፍ ነው። ብዙ ሰው ንግዱን ወድዶታል፤ ንግድ መሆኑን ማወቅ ግን ይገባል።

በአንድ ስክሪን ሁለት እውነት

በመጋቢት 29፣ 2022 የወጣው ሪአክት 18 የጊዜን ጥያቄ አስነሣ። ከዚያ በፊት ሪአክት ስክሪኑን መሳል ከጀመረ ሳይጨርስ አያቆምም ነበር። አሁን መሳሉን አቋርጦ አስቸኳይ ነገር፣ ለምሳሌ የተጠቃሚውን የፊደል ምት፣ ማስተናገድና መመለስ ይችላል። ስክሪኑ ቀልጣፋ ይሆናል። በተቋረጠበት ቅጽበት ግን ከሪአክት ውጭ ያለው ስቶር ቢቀየርስ? የላይኛው ክፍል በአሮጌው መረጃ ተስሏል፣ የታችኛው በአዲሱ ይሳላል። የባንክ መተግበሪያ ቢሆን ከላይ 500 ብር፣ ከታች 300 ብር የሚል ቀሪ ሂሳብ በአንድ ስክሪን ይታያል። ይህ ቲሪንግ ይባላል። ጃፓናዊው ገንቢ ዳይሺ ካቶ ብዙ ታዋቂ ላይብረሪዎችን በዚህ ጉዳይ የሚፈትን የፍተሻ ስብስብ አዘጋጅቶ የትኛው እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚወድቅ ለሁሉም አሳየ። ካቶ የጆታይ ጸሐፊና የዙስታንድ ዋና ጠባቂ ስለሆነ የራሱንም ሥራ ከፈተናው አላስቀረም።

የሪአክት ቡድን መልስ ዩዝሲንክኤክስተርናልስቶር የተባለው ሁክ ነው። ስሙ ረጅም ቢሆንም ሥራው ቀጥተኛ ነው፤ ከውጭ ያለው ስቶር በመሳል መካከል ከተቀየረ ሥራው እንደገና፣ ያለ መቋረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ይሠራል። ሪአክት ሪደክስ 8 በሚያዝያ 2022፣ ዙስታንድ 4 ደግሞ በዚያው ዓመት ተቀበሉት። ዋጋው እዚያው “ያለ መቋረጥ” የሚለው ላይ ነው፤ ከእነዚህ ስቶሮች የሚመጣ ለውጥ ሪአክት 18 በኩራት ያቀረበውን ማቋረጥ አይጠቀምበትም። ትክክለኛነት ከቅልጥፍና በልጦ ተመረጠ። ገንዘብ ለሚያሳይ ስክሪን ምርጫው አያጠያይቅም።

ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?

በየቀኑ ፕሮግራመር የሚያደክመው ግን የማንነት ጥያቄ ነው። በጃቫስክሪፕት ይዘታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ዝርዝሮች እኩል አይደሉም፤ እኩል የሚሆኑት በማስታወሻው ውስጥ አንድ ዕቃ ከሆኑ ብቻ ነው። ሪደክስም ዙስታንድም “ተቀይሯል?” የሚለውን የሚወስኑት በዚህ ነው። ዋጋቸው ከመቶ ብር በላይ የሆኑ ዕቃዎችን አጣርቶ የሚመልስ ሴሌክተር በተጠራ ቁጥር አዲስ ዝርዝር ይሠራል። ይዘቱ ያው ቢሆንም ላይብረሪው “ተቀይሯል” ይላል፤ ስክሪኑ ያለ ምክንያት ይሳላል።

ለዚህ የተለመደው መድኃኒት የቀድሞውን ውጤት ማስታወስ ነው። ሪሴሌክት የተባለው ፓኬጅ ለዓመታት የሚያስታውሰው የመጨረሻውን አንድ ውጤት ብቻ ነበር። ሁለት ኮምፖነንቶች አንዱን ሴሌክተር በተለያየ ግብዓት ከተጠቀሙ አንዱ የሌላውን ትዝታ እያጠፋ ማስታወሱ ከንቱ ይሆናል። በታኅሣሥ 2023 የወጣው 5ኛው ስሪት ነባሪውን ቀይሮ ለየግብዓቱ ውጤት መያዝ ጀመረ። አዲስ ችሎታ አይመስልም፤ በብዙ ፕሮጀክቶች ውስጥ ሳይታወቅ የኖረ ብክነትን የሚያስቀር ግን እንዲህ ያለው ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ታላላቅ ላይብረሪዎች በጠባይ ይለያያሉ። ሪአክት ሪደክስ በ2023 በ8.1 ስሪቱ አንድ ፍተሻ ጨመረ፤ ፕሮግራሙ ገና በሚሠራበት ደረጃ ሳለ ሴሌክተሩን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ውጤቱ ከተለያየ በኮንሶል ያስጠነቅቃል። ለተጠቃሚዎች በሚደርሰው ስሪት ላይ ፍተሻው የለም፤ የሚሰበር ነገርም የለም። በጥቅምት 2024 የወጣው ዙስታንድ 5 ደግሞ የሪአክትን ሁክ ያለ አማላጅ በቀጥታ መጠቀም ጀመረ። በዚህ ምክንያት በ4ኛው ስሪት ብክነት ብቻ ይፈጥር የነበረው አዲስ ዝርዝር የሚመልስ ሴሌክተር፣ በ5ኛው ማለቂያ የሌለው ዙር ፈጥሮ ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴሌክተሩን ዩዝሻሎው በተባለው ሁክ መጠቅለል ይበቃል፣ የሽግግር መመሪያውም ይህን በምሳሌ ያስረዳል። መመሪያውን ሳያነብ ቁጥሩን ብቻ ከፍ ያደረገ ሰው ግን የሚያገኘው ባዶ ስክሪን ነው። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፦ ሴሌክተርህ ጥፋት አለበት። አንዱ አስጠነቀቀ፣ ሌላው ወደቀ። እኔ የማስጠንቀቂያውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን የሚያየው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው እንጂ ደንበኛው አይደለም።

ሁለት ጊዜ የተዘጋ ቀዳዳ

ከሦስቱ ጥያቄዎች ውጭ የሚቆም አንድ የእርማት ዓይነት አለ፤ ደኅንነት። ምሳሌው ኢመር ነው። ይህም የቬስትስትራተ ሥራ ነው፤ ፕሮግራመሩ ስቴቱን በቀጥታ የሚቀይር መስሎት እንዲጽፍ ይፈቅድና ከጀርባ ሆኖ ዋናውን ሳይነካ አዲስ ቅጂ ይሠራል። ሪደክስ ቱልኪት በተባለው የሪደክስ መሣሪያ ስብስብ ውስጥ ስለተካተተ ስሙን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፕሮጀክት ውስጥ ሁሉ አለ።

ኢመር የለውጦችን ዝርዝር ተቀብሎ በስቴት ላይ የሚተገብር ፈንክሽን አለው። እያንዳንዱ ለውጥ የት ቦታ እንደሚደረግ የሚገልጽ መንገድ ይይዛል። መንገዱ ከውጭ ሰው የመጣ ከሆነ ፕሮቶ በተባለው ስም በኩል ሁሉም የጃቫስክሪፕት ዕቃዎች ወደሚወርሱት የጋራ መሠረት መድረስና እዚያ ያሻውን መጻፍ ይቻል ነበር። በጥር 2021 ስሪት 8.0.1 ይህን ስም የሚከለክል ፍተሻ አስገባ። በዚያው ዓመት ፍተሻውን ማለፍ እንደሚቻል ታወቀ፤ አጥቂው ስሙን ጽሑፍ አድርጎ በመላክ ፈንታ ስሙን የያዘ ባለ አንድ አባል ዝርዝር ይልካል። ጥብቁ የእኩልነት ፍተሻ ዝርዝርንና ጽሑፍን ስለሚለይ “ይህ ፕሮቶ አይደለም” ብሎ ያሳልፈዋል። ከፍተሻው በኋላ ግን ጃቫስክሪፕት ዝርዝሩን ወደ ጽሑፍ ይቀይረውና ፕሮቶ ሆኖ ይገኛል። ስሪት 9.0.6 መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ቀጥሎ በመፈተሽ ቀዳዳውን ዘጋው። የሦስት ቁጥሮቹን የመጨረሻ ብቻ ከፍ ያደረጉ ሁለት ትንንሽ ስሪቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ሳያነባቸው የሚያልፋቸው ዓይነት። ክብደታቸው ግን ከብዙ ትላልቅ ስሪቶች ይበልጣል።

ታዲያ እያንዳንዱን አፕዴት ወዲያው እንጫን? መስከረም 2025 ሌላውን ጎን አሳየ። አጥቂዎች የአንድ ጠባቂን መለያ በማጭበርበሪያ ኢሜይል ወስደው ቾክና ዲበግን ጨምሮ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙባቸውን የኤንፒኤም ፓኬጆች ተንኮል ባዘለ ስሪት አወጡ። ስሪቶቹ በሰዓታት ውስጥ ተነሡ፤ የተጎዱት በዚያች መስኮት ቸኩለው የጫኑት ናቸው። ስለዚህ ሁሉን የሚገዛ አንድ ሕግ የለም። የታወቀ ቀዳዳ የሚዘጋ እርማት ይፈጠን፤ ሌላው ሁሉ ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ የሎክ ፋይልም ከኮዱ ጋር ይቀመጥ።

በተጠቃሚው ስልክ የቀረው

አንድ ዓይነት ስህተት በገንቢው ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አይታይም። ዙስታንድ ስቴቱን በብሮውዘሩ ማስቀመጫ የሚያኖር ፐርሲስት የተባለ ተጨማሪ አለው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ላሉ ተጠቃሚዎች ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ግማሽ የሞላው ቅጽ መስመሩ ሲመለስ እንዳለ የሚገኘው በዚህ ነው። ችግሩ የተቀመጠው ስቴት የአሮጌው ኮድ ቅርጽ ያለው መሆኑ ላይ ነው። መተግበሪያውን ለሦስት ወር ያልከፈተ ሰው ሲመለስ አዲሱ ኮድ ከአሮጌው መረጃ ጋር ይገናኛል።

ለዚህ ፐርሲስት የስሪት ቁጥርና አሮጌውን ቅርጽ ወደ አዲሱ የሚቀይር ፈንክሽን መስጫ ቦታ አዘጋጅቷል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቀያሪው ፈንክሽን ካልተጻፈ የተቀመጠው መረጃ አይወሰድም፤ የተጠቃሚው ቅርጫት ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። በ5ኛው ስሪት ላይብረሪው ራሱ አንድ ነገር ቀየረ፤ ስቶሩ ገና ሲፈጠር የመነሻውን ስቴት ወደ ማስቀመጫው መጻፉን አቆመ። የመነሻ ዋጋው ቋሚ ለሆነ ሰው ልዩነት የለውም። መነሻው ላይ በዕጣ የሚወጣ መለያ ቁጥር ሰጥቶ “ተቀምጦልኛል” ብሎ ላመነ ሰው ግን ገጹ በተከፈተ ቁጥር መለያው ይቀያየርበታል። ለአንዱ እርማት የሆነው ለሌላው ስብራት የሚሆነው እንዲህ ነው፤ በስህተቱ ላይ ቤቱን የሠራ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል።

አሮጌውን በምን ሸኙት?

የስሪት ቁጥር አሰጣጥ ሕግ፣ ቶም ፕሬስተን ወርነር የጻፈው ሴምቨር፣ ሦስት ቁጥሮችን ያዛል፦ የሚሰብር ለውጥ፣ የማይሰብር ጭማሪ፣ እርማት። ሕጉ የሚገልጸው የአውጪውን ሐሳብ ነው፤ በተቀባዩ ኮድ ላይ የሚደርሰውን አያውቅም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሽኝቱን ማየት ይሻላል። “የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለላይብረሪ ጠባቂዎች የተነገረ ይመስላል።

ሪደክስ በሻሽ ከሚቀብሩት ነው። ከ2016 ጀምሮ በማርክ ኤሪክሰንና በቲም ዶር እጅ የገባው ላይብረሪ ክሪኤትስቶር የተባለውን የጥንት መግቢያ ለማስቀረት ሲፈልግ አልሰረዘውም። በሚያዝያ 2022 በ4.2.0 ስሪት በኮድ መጻፊያው ላይ ስሙ ተሰርዞ እንዲታይ ብቻ አደረገ፤ ፕሮግራሙ እንደ ቀድሞው ይሠራል፣ ጸሐፊው ግን ሪደክስ ቱልኪት የተሻለ መሆኑን ያነባል። መስመሩ ዓይኑን የሚያስቸግረው ሰው እንኳ በሌላ ስም ያንኑ ፈንክሽን እንዲያገኝ ተደርጎለታል። ኮዱ በ2019 ወደ ታይፕስክሪፕት ተዛውሮ ሳለ የሌሎችን ፕሮጀክቶች የአይነት ፍተሻ እንዳይሰብር በመፍራት እስከ ታኅሣሥ 2023፣ እስከ 5.0 ድረስ፣ አልወጣም። አራት ዓመት ረጅም ነው፤ ትዕግሥቱን ዝግመት የሚሉት አሉ። ይሁን እንጂ በ2016 የተጻፈ የሪደክስ ኮድ ዛሬም በአብዛኛው ይሠራል፤ ይህን ማለት የሚችል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ብዙ አይደለም።

ሞብኤክስ በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመ። በ2018 ፕሮክሲ የተባለውን የቋንቋውን አዲስ ችሎታ የሚጠቀም 5ኛ ስሪት ሲያወጣ፣ ፕሮክሲ በማያውቁ አሮጌ ብሮውዘሮች ላይ የሚሠራውን 4ኛ ስሪትም ጎን ለጎን ጠበቀ። ደንበኞቹ ያረጁ አንድሮይድ ስልኮች ለያዙበት የአዲስ አበባ ገንቢ እንዲህ ያለው ውሳኔ ተጠቃሚን ከማጣትና ካለማጣት ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 2020 የወጣው 6ኛው ስሪት ሁለቱን መንገዶች አንድ አደረጋቸው። በዚያው ደኮሬተር የተባለውን አጻጻፍ ከዋና መንገድነት አወረደው፤ የቋንቋው ደረጃ አውጪዎች ገና አልተስማሙበትም ነበርና። ብዙ ኮድ እንደገና ተጻፈ፤ ምክንያቱ ግን በግልጽ ተነግሯል።

የቪው ሰዎች ሽኝት የተለየ ነው። ኤድዋርዶ ሳን ማርቲን ሞሮቴ በ2019 መጨረሻ በሙከራ የጀመረው ፒኒያ ለቪው የቀድሞ ይፋዊ ስቶር፣ ለቪውኤክስ፣ ቀጣይ ስሪት የታሰበውን አብዛኛውን ይዞ ስለተገኘ፣ አዲሱ ሥራ በአሮጌው ስም ከመውጣት ይልቅ ፒኒያ ራሱ ይፋዊው ምርጫ ሆነ። ቪውኤክስ በቦታው ቀረ፤ ይጠበቃል፣ አዲስ ነገር ግን አይጠበቅበትም። ስም መለወጡ አንድን ጥያቄ አስቀረ፦ ማንም ሰው ሳያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም።

የሪኮይል ግን ያለ ሻሽ ነው። በግንቦት 2020 ከፌስቡክ ሲወጣ ብዙዎችን አስደስቷል። ነገር ግን 1.0 ሳይደርስ የመጨረሻ ስሪቱ 0.7.7 በመጋቢት 2023 ወጣና ጸጥታ ሆነ። ለራሱ ይጠቀምበት የነበረው የሪአክት ውስጣዊ ክፍል “አትጠቀሙበት፣ ከሥራ ትባረራላችሁ” የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ነው። ሪአክት 19 በታኅሣሥ 2024 ሲወጣ ያንን ክፍል ስለቀየረው ሪኮይል መሥራት አቃተው። እርማት አልመጣም፤ በጥር 2025 የኮዱ ማኅደር ተዘጋ። ሪአክትም ሪኮይልም ከአንድ ኩባንያ መውጣታቸው ላመነበት ሰው ዋስትና አልሆነም። በሴምቨር ሕግ ከ1.0 በታች ያለ ስሪት ምንም ቃል አይገባም፤ ሪኮይልም በዚህ ረገድ አልዋሸም። አንባቢው ዜሮዋን አላየም እንጂ።

ከስቶሩ የወጣው

ስለ ስቴት ስህተቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትልቁ እርማት፣ ስቴቱን ከስቶሩ ማውጣት ነው። በሪደክስ ስቶሮች ውስጥ የተከማቸው አብዛኛው ነገር የፕሮግራሙ ስቴት ሳይሆን ከሰርቨር የመጣ መረጃ ቅጂ ነበር። ቅጂ ያረጃል፤ መቼ እንደገና ይጠየቅ፣ ሁለት ኮምፖነንቶች በአንድ ጊዜ ቢጠይቁት ምን ይደረግ፣ ጥያቄው ቢከሽፍስ የሚሉትን እያንዳንዱ ቡድን በእጁ ይጽፍ ነበር፤ እያንዳንዱም የየራሱን ስህተት ይጨምርበት ነበር። ሪአክት ኩዌሪ፣ ዛሬ ታንስታክ ኩዌሪ የሚባለው፣ ይህን ሥራ ለብቻው ወሰደ። ሪደክስ ቱልኪትም በሰኔ 2021 በ1.6 ስሪቱ አርቲኬ ኩዌሪን አስገባ። ከዚያ በኋላ በስቶሩ የሚቀረው ሲታይ ብዙ ፕሮጀክቶች ከጥቂት መስመር የማያልፍ ስቴት ይቀራቸዋል። ዙስታንድን የመሰለ ትንሽ ላይብረሪ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ትልቁ ሸክም አስቀድሞ ወርዷል።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ሥራው ወደ ቋንቋው ራሱ እየሄደ ነው። የጃቫስክሪፕትን ደረጃ የሚያወጣው ቲሲ39 የተባለው ኮሚቴ በሚያዝያ 2024 ሲግናል የተባለውን የሞብኤክስ ዘመድ ሐሳብ በመጀመሪያ ደረጃ ለውይይት ተቀብሏል። አንጉላር፣ ሶሊድ፣ ቪውና ፕሪአክት የየራሳቸው ሲግናል አላቸው፤ ሐሳቡ መሠረቱን የጋራ ማድረግ ነው። ረቂቁ ከደረሰ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ የሚታረሙት በየላይብረሪው ሳይሆን በብሮውዘሩ ይሆናል። ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ መጨረሻው ግን ረጅም መንገድ ነው፤ በዚህ ተስፋ ዛሬ ላይብረሪ መምረጥ አይገባም።

ታዲያ የቱን?

ለቪው ፕሮጀክት መልሱ ፒኒያ ነው፤ በየካቲት 2025 የወጣው 3ኛው ስሪት ቪው 2ን ስለተወ በቪው 2 ላይ ያለ ሰው ብቻ በቀድሞው ስሪት ይቆይ። ለትንሽ የሪአክት ቡድን ዙስታንድ ይበቃል፤ ሴሌክተሮቹን ዩዝሻሎው ውስጥ የማስገባት ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ እንጂ። ብዙ ሰው ለዓመታት ለሚነካካው ፕሮጀክት ሪደክስ ቱልኪት ዛሬም ጠንካራ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱ ፍጥነቱ ወይም ውበቱ ሳይሆን የሽኝት ልማዱ ነው። ሪኮይል ላይ ያለ ቡድን ወደ ጆታይ መሸጋገር ይጀምር፤ የአተሙ ሐሳብ ስለሚመሳሰል መንገዱ ከሌሎቹ ያጠረ ነው።

አዲስ ስም ሲመጣ ደግሞ፣ ይመጣልም፣ የችሎታውን ዝርዝር ትቶ የመጨረሻውን ትልቅ ስሪት የሽግግር መመሪያ መክፈት ነው። እዚያ ሦስት ነገር ይፈለግ፦ የቀረው ነገር ከመቅረቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ነበረው? ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ተጽፏል? አሮጌውን ኮድ የያዘ ሰው የሚሄድበት መንገድ ተሠርቶለታል? ሦስቱንም የሚመልስ ላይብረሪ ስህተት አይኖረውም ማለት አይደለም፤ ስህተቱ ሲታረም ግን እርማቱን ከነመንገዱ ይዞልን ይመጣል፣ የምንከፍለውም የሥራ ሰዓት እንጂ የደንበኛ እምነት አይሆንም።